የአባ ጓጉንቸር ሁለት መክፈቻዎች

የሳሙና ፋብሪካው የደኅንነት አሠልጣኝ በሳሙና ማደባለቂያ ውስጥ ተደቁሶ ሞተ። ወሬው ሬሳው ሳይገነዝ ሰፈሩን አዳረሰ፤ ሲወራም ከንፈር እየተመጠጠ ሳይሆን እየተሾፈ ነበር።

ሰውየውን ሠራተኛው ሁሉ የሚያውቀው «አባ ጓጉንቸር» በሚል ቅጽል ስም ነው። ለጽዳትም ሆነ ለጥገና ማሽን ውስጥ የሚገባ ሰው አስቀድሞ ኃይሉን ማጥፋት፣ ማብሪያውን በራሱ ጓጉንቸር ቁልፍ መቆለፍ፣ መክፈቻውንም ራሱ ይዞ መግባት አለበት እያለ ሲጨቀጭቅ የኖረ ሰው ነበር። «ማሽን የተኛ አውሬ ነው፤ አፉን ሳትቆልፍ ጉሮሮው ውስጥ አትግባ» ይላል። እንዲህ ባዩ ራሱ አውሬው ጉሮሮ ውስጥ ሞቶ፣ ማብሪያው ሳይቆለፍ፣ ጓጉንቸሩ ከነመክፈቻው ከገዛ ኪሱ ሲገኝ፣ ሥራ ፈት ሁሉ የሚሾፍበት አገኘ። ፖሊስ ጣቢያው «በራሱ ቸልተኝነት» ብሎ ነገሩን ዘጋው። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ቀብር ላይ ንግግር አደረገ።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ወንድማችን ለሌላው የሰበከውን ለራሱ ረሳው።»

የሟቹ ሁለት ሴቶች ልጆች እናታቸውን ግራና ቀኝ ይዘው ይሰሙ ነበር።

እናትየዋ በማግስቱ ጥቁሯን እንደለበሰች ወደ ወንጀል ምርመራ ቢሮ ሄደችና የቢሮው ሠራተኛ «መርፌ» ከሚላት መርማሪ ፊት ተቀመጠች። መርማሪዋ አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፀ ሰላላ ሴት ነች። ሌባ አትጠላም፤ ነፍሰ ገዳይም ብዙ አያስደንቃትም። የምትንቀው ሰነፍ ውሸታም ነው። «ውሸት እንኳ ሥራ ይፈልጋል» ትላለች፣ «የዛሬ ሰው ግን እሱንም በግማሽ ልብ ነው የሚሠራው።»

«ባለቤቴ ረስቶ አልሞተም» አለች ሚስትየዋ።

«ሰው እኮ ይረሳል፣ እህቴ።»

«ይረሳል። ዳቦ ግዛ ስለው ይረሳል፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ስብሰባ ይረሳል። ይሄን ግን አይረሳም።» ከቦርሳዋ አንድ የጫማ ክር አወጣች። በክሩ ጫፍ ትንሽ መክፈቻ ተንጠልጥሏል። «ሆስፒታል ልብሱን ሲያወልቁለት ከአንገቱ ፈትተው የሰጡኝ ነው።»

መርማሪዋ መክፈቻውን በጣቶቿ አገላበጠችው። ሲታሽ ኖሮ ጠርዙ ለዝቧል። «ፖሊስ ከኪሱ ያገኘውስ መክፈቻ?»

«እሱን አላውቀውም። ባለቤቴ መክፈቻ በኪሱ አይዝም። ‹ኪስ ይቀደዳል፣ አንገት ግን አይቀደድም› እያለ ሠራተኛውን ሁሉ በአንገት ያንጠለጠለ ሰው ነው።»

መርማሪዋ ተነሥታ ከዕቃ ማስቀመጫው በፖሊስ የታሸገውን ጓጉንቸር አመጣች። ከኪስ የተገኘው መክፈቻ ቀጭ አድርጎ ከፈተው። የአንገቱ መክፈቻ ግን ቀዳዳው ውስጥ እንኳ አልገባ አለ። ጓጉንቸሩን አሸተተችው፤ አዲስ ሲሸጥ የሚቀባው ዘይት ገና አልደረቀም። ጭረት የሚባል አልነካውም።

«ምንድን ነው የሚፈልጉት?» ስትል ጠየቀች። «ካሣ?»

«ያ ሰው ቀብር ላይ በልጆቼ ፊት የተናገረውን በአፉ እንዲመልሰው ነው የምፈልገው።»

መርማሪዋ ካፖርቷን አነሣች።

ሥራ አስኪያጁ በትልቅ ጠረጴዛ ኋላ፣ ከትልቅ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጦ ተቀበላት። ፎቶው የደኅንነት ሥልጠና የተሰጠ ዕለት የተነሣ ነው። እሱ መሐል ላይ ሄልሜት አድርጎ ቆሟል፤ የሄልሜቱ የዋጋ ምልክት ገና አልተላጠም። ከጎኑ የምርት ክፍል ኃላፊው ደረቱን ነፍቷል። አባ ጓጉንቸር ዳር ላይ ግማሽ ፊቱ ተቆርጧል።

«ለደኅንነት ምን ያህል ትኩረት እንደምንሰጥ ይመለከታሉ» አለ ሥራ አስኪያጁ ወደ ፎቶው እያመለከተ።

«ይታያል። ሥልጠናው ምን ምን ነበር?»

«እ… አጠቃላይ ነገር ነው። ስለ ጥንቃቄ።»

«መክፈቻ የት ይያዛል ብሎ አስተማረ?»

«መክፈቻ?» ሳቅ አለ። «መክፈቻ መቼም ኪስ ውስጥ ነው የሚያዘው፤ ሌላ የት ይያዛል?»

በሩ ተከፍቶ የምርት ክፍል ኃላፊው ገባ። ሠራተኛው ይህንን ሰው «ቶሎ» ይለዋል፤ ከአፉ የሚወጣው ሌላ ቃል ስለሌለ ነው። የሥራ አስኪያጁ እህት ባል ነው፤ ወንበሩንም ያገኘው በዚያው በኩል መሆኑን የማያውቅ የለም። ጣሪያ ሥር ጥቁር መነጽር አድርጓል።

«ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ ቶሎ ሳይጠየቅ። «ማሽኑ ቆሟል፤ ምን ነክቶት ነው ብዬ በትንሿ በር ባይ… አይ! ወንድሜ ማለት ነበር እኮ! ጓጉንቸሩን ኪሱ ከትቶ፣ ማብሪያውን ሳይቆልፍ ገብቶ። አንዱ ሳያውቅ ነካው መሰለኝ፣ ዞረበት።»

«አንዱ ማን?»

«ማን ይታወቃል? ሠራተኛ ነዋ።»

«መነጽርዎን ቢያወልቁልኝ። የማናግረውን ሰው ዓይን ማየት እወዳለሁ።»

ቶሎ አመነታና አወለቀ። ግራ ዓይኑ ነጭ፣ ንጹሕ ነው። ቀኙ ግን እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ አብጦ፣ እንባው ጉንጩ ላይ ይወርዳል።

«ከማልቀስ ብዛት ነው» አለና በመሀረብ ጠረገው።

«ሐዘንዎ ከባድ ነው» አለች መርማሪዋ። ሥራ አስኪያጁ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። በዚያ ክፍል ውስጥ የተባለው የገባው ሰው አልነበረም።

የማደባለቂያው አዳራሽ የሶዳና የስብ ሽታ አለው። ከጎኑ ካለው አዳራሽ የሳሙና መቁረጫው ጩኸት ሳያባራ ይመጣል፤ ለመነጋገር መጠጋጋት ያስፈልጋል። ማደባለቂያው በጎኑ የተጋደመ የብረት ጋን ነው፤ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ትንሽ በር አለው፤ ውስጡ በዘንግ ላይ የተተከሉ የብረት መቅዘፊያዎች። ማብሪያው ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ከሣጥኑ አጠገብ አዲስ ጓጉንቸሮች ከነመክፈቻቸው የተቀመጡበት መደርደሪያ አለ።

መርማሪዋ ጋኑን ብዙ አላየችውም። ሣጥኑ ጋ ሄዳ አፍንጫዋን ልታስነካው ምንም አልቀራት። ፊቱ ተወልውሏል። ግድግዳው ላይ የቀረው ሁሉ የሳሙና አቧራ የለበሰ ሆኖ ሳለ ይህ ሣጥን ብቻ ታጥቧል። ነገር ግን ጠራጊው ከታች በኩል ያለውን ቀለም ልብ አላለውም፤ እዚያ ላይ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ያሉ ጥቃቅን የተቃጠሉ ነጥቦች ተረጭተዋል። የእሳት ፍንጣሪ የጣላቸው ናቸው።

ከግድግዳው ማዶ የመካኒኩ ጠረጴዛ አለ። መካኒኩ ትከሻ ሰፊ ሰው ነው፤ ሲያያት ጓንቱን እያወለቀ መልሶ ያጠልቅ ጀመር። ከአባ ጓጉንቸር ጋር መጣላቱን ሁሉም ያወራል፤ ያለ ጓንት ሲሠራ ይዞት ከሥራ አሳግዶታል።

«ትጠላው ነበር?» አለችው።

«እጠላው ነበር፣ አዎ። ጣቴ ግን እስካሁን አለች። ያን ጊዜ ጓንቱን ባያስለብሰኝ…» አልጨረሰውም።

«ሲሞት የት ነበርክ?»

«ሲጋራ ላጨስ ወጥቼ ነበር።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የምታጨሰው?»

ጓንቱን እንደገና አወለቀ። ጣቱ ላይም፣ ጥርሱ ላይም የሲጋራ ምልክት የለም። መርማሪዋ በንቀት አየችውና ተወችው፤ ፍርሃት የሚያስዋሸው ሰው የትም አይሄድም።

«ግራይንደርህ ይሄ ነው?» ጠረጴዛው ላይ ያለውን የብረት መቁረጫ አሳየችው።

«እሱ ነው። የዓይን መከላከያ መነጽሩ ሁልጊዜ እጀታው ላይ ነው የሚሰቀለው። አባ ጓጉንቸር ነው ያስለመደን፤ መነጽሩን ሳታነሣ ግራይንደሩን ማንሣት አትችልም፤ ስታነሣው ዓይንህ ላይ አድርገው አለን። የዚያን ዕለት ግን መነጽሩን ከመሬት ነው ያገኘሁት። ተረግጦ።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«ጎሽ» አለች መርማሪዋ፤ ሙገሳ ግን አልነበረም።

በአዳራሹ ጥግ የጽዳት ሴቶቹ አለቃ ቦት ጫማዋን ትጎትታለች። ወፍራም፣ ምላሰ ስል ሴት ነች። ማደባለቂያውን የሚያጸዱት እሷና ባልደረቦቿ ናቸው፤ አባ ጓጉንቸር ግን አስቀድሞ ራሱ ገብቶ መቅዘፊያዎቹን ሳይፈትሽ አንዲቱንም አያስገባም ነበር። የዚያን ዕለት እሱ ገብቶ ሲፈትሽ ሴቶቹ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ሆነው ጓንትና ቦት ያጠልቁ ነበር።

«ሥልጠናውን ሁሉም ወስዷል?» ብላ ጠየቀቻት።

«እኛማ ተቀምጠን ተምረን፣ ተፈትነን ነው። መክፈቻ በአንገት፣ መነጽር በዓይን፣ ጆሮ መሸፈኛ በጆሮ፣ ሰው ሲገባ ጠባቂ በበር። እንደ ጸሎት ነው ያስሸመደደን። እነዚያ ሁለቱ ጌቶች ፎቶ ተነሡና ‹እኛ እናውቀዋለን› ብለው ወጡ። ወንበራቸው እንኳ አልሞቀም፣ የኔ እመቤት።»

«አሠልጣኙ ውስጥ ሆኖ ቢጠሩት ይሰማል?»

«በምን ይሰማል! ጆሮውን ሸፍኖ፣ ብረት ውስጥ ሆኖ፣ የሳሙና መቁረጫው እየጮኸ። ለዚህ እኮ ነው ‹አትጥሩ፤ ቀርባችሁ እዩ› የሚለን።»

መርማሪዋ ከመካኒኩ ጠረጴዛ በላይ ያለውን መስኮት ከፍታ ወደ ውጭ አየች። ከመስኮቱ ሥር የብረት ቁርጥራጭ የሚጣልበት በርሜል ተገትሯል። ወንጀለኛ ማስረጃውን ወንዝ ድረስ ይዞ ሲሄድ አጋጥሟት ያውቃል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ትንሽ ክብር አላት። ይሄኛው ግን የሚቸኩል ሰው መሆኑን ስለምታውቅ እጅጌዋን ሰብስባ በርሜሉ ውስጥ እጇን ከተተች። ብዙም አልቆፈረችም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ማደባለቂያው ፊት ሰበሰበቻቸው። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን ያያል። ቶሎ ጥቁር መነጽሩን አድርጓል። መካኒኩ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቷል። የጽዳት አለቃዋ ክንዷን አጣምራለች። ሚስትየዋ ወደ ጋኑ ላለማየት ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ቆማለች። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ አሉ።

«ሟቹ ሁለት መክፈቻ ነበረው» ስትል ጀመረች። «አንዱ ከኪሱ ተገኘ፤ አብሮት ካለው አዲስ ጓጉንቸር ጋር ይገጥማል። ሌላው ከአንገቱ ተገኘ፤ ከዚያ ጓጉንቸር ጋር አይገጥምም። እንግዲህ የሚገጥመው ሌላ ጓጉንቸር መኖር አለበት።»

ከካፖርቷ ኪስ አንድ አሮጌ ጓጉንቸር አወጣች። ቀለበቱ ተቆርጧል። የጫማ ክሩን መክፈቻ አስገብታ አዞረችው፤ ሳይንገራገጭ ዞረ። ሚስትየዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሰውየው አልረሳም። ቆልፎ ነው የገባው። ቁልፉን ሌላ ሰው በግራይንደር ቆረጠው፤ ፍንጣሪው ሣጥኑ ሥር አለ። ከዚያ ማብሪያውን መታው። ጩኸቱን ሲሰማ አጠፋው። የተቆረጠውን ጓጉንቸር በመስኮት ጣለና ሣጥኑን ወለወለ። ባዶ ማብሪያ ብቻ ቢተው ‹የአባ ጓጉንቸር ጓጉንቸር የት ሄደ?› መባሉ አይቀርም። ስለዚህ እዚያ ግድግዳ ላይ ካለው መደርደሪያ አዲስ አነሣና ከነመክፈቻው ሬሳው ኪስ ውስጥ ከተተ።» ከኪስ የተገኘውን መክፈቻ ከፍ አድርጋ አሳየች። «ኪስ ውስጥ! በዚህ ፋብሪካ ሥልጠና የወሰደ ሰው መክፈቻ የት እንደሚያዝ ያውቃል። መካኒኩ ያውቃል። የጽዳት ሴቶቹ ያውቃሉ። ከእነሱ አንዱ ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ አንገቱን ይፈትሽ ነበር። ሥልጠናውን ያልወሰዱት ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ሥራ አስኪያጁ ገርጥቶ ወደ ኋላ ሸሸ። «እኔ ቢሮዬ ነበርኩ! እኔ ግራይንደር በምን እንደሚያዝ አላውቅም!»

«ይህንንስ አምናለሁ» አለችው። «እርስዎ ሁለት ጤነኛ ዓይኖች አሉዎት፤ ባያዩባቸውም። ግራይንደር ብረት ሲቆርጥ ብናኝ ይተፋል። ለዚያ ነው መነጽር እጀታው ላይ የሚሰቀለው። ቆራጩ ግን መነጽሩን መሬት ወርውሮ፣ ረግጦት፣ በባዶ ዓይኑ ቆረጠ።» ወደ ቶሎ ዞረች። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እውነት ነው። ግን በሁለቱም ዓይን ነው የሚፈሰው፣ ጌታዬ። በቀኝ ዓይኑ ብቻ የሚያዝን ሰው አይቼ አላውቅም።»

ቶሎ ሳያስበው እጁን ወደ ዓይኑ ሰደደ።

«ሐኪም ብረቱን ያወጣልሃል» አለች መርማሪዋ፤ አንቱታው እዚያ ላይ አበቃ። «እኔ ማስረጃ አድርጌ እወስደዋለሁ።»

«እሺ!» ሲል ጮኸ ቶሎ። «እሺ፣ ቆርጬዋለሁ! ሥራ ቆሞ ነበር! ጓጉንቸሩን ሰቅሎ የሄደ መስሎኝ ነው። ባዶ መስሎኝ ነው! ተጣርቻለሁ፤ ‹ሰው አለ?› ብያለሁ፤ የመለሰ የለም። ምን ላድርግ? ስህተት ነው!»

መርማሪዋ ወደ መካኒኩ ሄደች።

«ሰው ማሽን ውስጥ ሲገባ በር ላይ አንድ ጠባቂ ይቆማል። የዚያን ዕለት ተረኛው ማን ነበር?»

መካኒኩ መሬት መሬቱን አየ። «እኔ።»

«ለምን ሄድክ?»

«ታዝዤ ነው።»

«ማን አዘዘህ?»

«አንተ ዝም በል!» አለ ቶሎ።

መካኒኩ ሚስትየዋን አየ። ከዚያ በኋላ አፉ ተከፈተ። «እሱ ነው። ‹የሳሙና መቁረጫው ሊበላሽ ነው፣ ቶሎ ሂድ› አለኝ። ሰው ውስጥ አለ፣ በሩን መተው አልችልም አልኩት። ‹እኔ እቆምልሃለሁ› አለኝ። እኔ እቆምልሃለሁ ነው ያለኝ! በኋላ ደግሞ ‹ቦታህን ትተህ የሄድከው አንተ ነህ፤ ብትተነፍስ የምትታሰረው አንተ ነህ› አለኝ። ፈራሁ። ልጆች አሉኝ፣ እህቴ… ፈራሁ።»

«እሱም ነበሩት» አለች ሚስትየዋ።

መርማሪዋ ቶሎን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ባዶ ጋን ልትጠብቅ ነው የቆምከው?»

ቶሎ መነጽሩን አወለቀና የደፈረሰ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። ሲናገር ድምፁ ያኮረፈ ልጅ ድምፅ ይመስል ነበር። «ላስደነግጠው ብዬ ነው። በሠራተኛ ፊት ይሰድበኛል፤ ቶሎ ውጣ ስለው አይሰማኝም። ትንሽ ነካ አድርጌ ላጠፋው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ። ደንግጦ ይወጣል ብዬ…»

«ጉድ ነው» አለች የጽዳት አለቃዋ ቀስ ብላ። «እንደ ዶሮ ሊያባርረው!»

ፖሊሶቹ ወሰዱት። ሲያልፍ ማንም አላየውም፤ ሠራተኛው ሁሉ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ አሳለፈው። መካኒኩም ቃሉን ሊሰጥ ተከትሏቸው ወጣ፤ ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ ረስቶት ሄደ።

ሥራ አስኪያጁ ላቡን ጠረገ። «እጅግ አሳዛኝ ነው። እኔ በበኩሌ ምንም አላውቅም ነበር።»

«አዎ» አለችው መርማሪዋ። «ማወቅ ስላልፈለጉ ነው። የእህትዎን ባል በአንድ ዓይኑ ሲያለቅስ ያን ሁሉ ቀን አብረውት ተቀምጠው ‹ምን ነካህ?› አላሉትም። ሕጉ ለዚህ ምን እንደሚያደርግዎት ዓቃቤ ሕግ ይነግርዎታል። አሁን ግን ግቢው ውስጥ ይጠበቃሉ።»

በግቢው ፈረቃ የጨረሱትም ሊጀምሩ የመጡትም ሠራተኞች ተሰብስበዋል። ሚስትየዋ ልጆቿን አስጠርታ ከፊት አቁማቸዋለች። ሥራ አስኪያጁ የቢሮው ደረጃ ላይ ወጣና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ውድ ሠራተኞቻችን፣ ባለፈው የተከሰተውን ጉዳይ በተመለከተ፣ አንዳንድ መረጃዎች በትክክል ያልተገለጹ በመሆናቸው…»

«በአማርኛ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ሥራ አስኪያጁ መርማሪዋን አየ። እሷ የካፖርቷን ቁልፍ ትቆልፋለች። ልጆቹን አየ፤ ትልቋ ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች። ዓይኑን ሰበረ።

«ቆልፎ ነበር» አለ።

«አልሰማንም!» አሉ ከመሐል።

«ቆልፎ ነበር! እሱ አልረሳም።»

«የሰበረውስ?»

«እኛ ነን» አለ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። «የሰበርነው እኛ ነን።»

ሚስትየዋ የሁለቱን ልጆች እጅ ይዛ ዞረች። አላመሰገነችም፤ አልተሰናበተችም። ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ እስከ በሩ ድረስ መንገድ ለቀቀላቸው፤ ወንዶቹ ሄልሜታቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ አደረጉ።